«የማንን ልስማ?»፦ ከቢቸና ሞጣ

ከቢቸና የተነሣነው በጥቅምት፣ ጤፉ ገና ሳይታጨድ ነው። ዶክተር ቼን ሞጣ ወርደው የፈንጣጣ ክትባት ሊሰጡ ነበር፤ እኔ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና የሐኪም ረዳት፣ ስለሆንሁ ለማስተርጎም ተከተልኋቸው። የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። ባሌ ሲሞት ትምህርት ልገባ ብዬ ልጄን ስመኝን ሞጣ አባቴ ዘንድ ትቻት ነበር። አሁን ሥራም ቤትም አለኝ፤ ልወስዳት ነው የምሄደው።

ዶክተሩ ቻይናዊ፣ ባለቤታቸው ማዳም ሄለን እንግሊዛዊት ናቸው። የስምንት ዓመቷ ልጃቸው ሜሊን ቢቸና ስላደገች አማርኛን እንደኛው ትናገራለች። አማርኛ ብዙ የማይሰሙት ወላጆቿ ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚያናግሯት፤ እናትና ልጅም አብረውን ተነሡ።

ግንደወይን

መንገዱ ጥቁር አፈር ነው፤ የክረምቱ ጭቃ ስላልደረቀ በቅሎዎቹ ይሰምጣሉ። ደብረ ወርቅን አልፈን በማግስቱ ግንደወይን ገባን። ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ተቀብለውን እርጎና የባቄላ እሸት አቀረቡልን። ሜሊን እሸቱን ልትፈለፍል እጇን ስትዘረጋ፣ አባቷ የቻይና ፊደል የምትጽፍበትን ብሩሽ አወጡ።

«መጀመሪያ ጽሑፍሽን» አሏት።

«ደክሟታል፤ ደስ ሲላት ትጻፍ» አሉ ማዳም ሄለን።

«አባቴ ደስ ሲልህ ተማር ቢለኝ ኖሮ ዛሬ ሐኪም አልሆንም ነበር።»

«እኔን ማንም አላስገደደኝም፤ ይኸው ነርስ ሆኛለሁ።»

ልጅቱ ብሩሹን እንደያዘች ቀረች፤ አልጻፈችም፣ አላስቀመጠችውምም።

ወይዘሮ አስካለ ነገሩን ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» አሉ ወደ ዶክተሩ እያዩ። ቆየት ብለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባሌ ነፍሱን ይማረውና፣ የበኩር ልጃችንን ቀጥቶ ቀጥቶ አስኮበለለብኝ። የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።»

ይህንንም ለሁለቱ አስተረጎምሁ።

ወንዙ

ሞጣ ከመድረሳችን በፊት አንድ ወንዝ አለ። ከላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ውሃው ደፍርሷል። በቅሎዎቹ ስለደነበሩ ወረድን። «ቶሎ እንሻገር፣ እየሞላ ነው!» አለ በቅሎ ነጂያችን።

ዶክተሩ ቀድመው ተሻገሩና ከማዶ ተጣሩ፦ «ሜሊን፣ አሁኑኑ ነይ!»

ማዳም ሄለን ከኋላዋ፣ «ከፈራሽ ቆይ፤ እስክትደፍሪ እንጠብቅሻለን» አሏት።

ልጅቱ ውሃው ውስጥ ጥቂት እንደገባች ድርቅ አለች። ውሃው ከጉልበቷ ወደ ጭኗ ወጣ። ሮጬ ገብቼ ተሸክሜ አሻገርኋት።

«ምነው ቆምሽ፣ ሜሊዬ?»

«የማንን ልስማ?» አለችኝ በአማርኛ።

ማዳም ሄለን ተሻግረው ሲመጡ ሁለቱም ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋቸው። ማዳም ሄለን እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዶክተሩ ልጃቸውን በካፖርታቸው ጠቀለሏት። ከዚያ እስከ ሞጣ ባልና ሚስቱ በእግራቸው ከፊታችን እየሄዱ ሲነጋገሩ ዋሉ።

ሞጣ

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ነው። ስመኝ ዳዊቷን እንደያዘች ጉልበቴን ስማ ቆመች። ክንዷ ላይ የአለንጋ ሰንበር አየሁ።

«እወስዳታለሁ፣ አባባ።»

«ዳዊቷን ሳትጨርስ? ስድ ሆና ልትቀር?»

«ተገርፋለች እኮ!»

«አንቺስ ተገርፈሽ አይደል ሰው የሆንሽው?» አሉና ወደ ልጄ ዞሩ። «በይ አንቺው ተናገሪ። ከኔ ትቀሪያለሽ፣ ከእናትሽ ትሄጃለሽ?»

ስመኝ ወንዙ ውስጥ እንደቆመችው ሜሊን ድርቅ አለች። ዐይኗ ከሳቸው ወደ እኔ፣ ከኔ ወደ እሳቸው ይመላለሳል።

«እሷን አይጠይቋት!» አልሁ። «ሂጂ፣ ስመኝ፣ ደጅ ተጫወቺ።»

ሁለታችን ቀርተን ተከራከርን። እኔ አለቀስሁ፤ እሳቸው ተቆጡ። በመጨረሻ፣ «ያለ አለንጋ ማስተማር አላውቅበትም፣ ልጄ» አሉኝ። አባቴ አላውቅም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ራራ።

እንዲህ ተስማማን፦ አለንጋው ይቀራል፤ ስመኝ ዳዊቷን ጨርሳ ከፋሲካ በኋላ ትመጣልኛለች። ጠርተን አንድ ላይ ሆነን ነገርናት። አንገቴን አቅፋ ብዙ አለቀሰች፤ ግን አያቷ እንባዋን ሲጠርጉላት አልሸሸችም።

መልስ

ክትባቱ ሲያልቅ ወደ ቢቸና ተመለስን። ዶክተሩና ባለቤታቸው ምን እንደተስማሙ አልጠየቅሁም። ሜሊን ግን በመንገዱ ሁሉ ስትዘፍን መጣች።

ጥብቅ አስተዳደግ ይሻላል ወይስ ለቀቅ ያለ ቢሉኝ ዛሬም አላውቅም። ሁለቱም ሰው ሲያወጡ፣ ሁለቱም ሰው ሲጎዱ አይቻለሁ። ልጅን በሚወዱት ሰዎች መካከል ዳኛ አድርጎ ማቆም ግን ከአለንጋ የከፋ ግርፋት ነው።

ቢቸና ስገባ ጎረቤቴ ከደጅ ጠበቀችኝ።

«ልጅቱስ?»

«እስከ ፋሲካ አያቷ ዘንድ ናት።»

«እንዴት አስቻለሽ?»

«አላስቻለኝም» አልኋትና ወደ ቤቴ ገባሁ።