ቀላሉ ክዳን

ታላቅም ታናሽም ይወቅ! የፍሳሽ ጉድጓዶች ሁሉ አዛዥ፣ ሰፈርተኛው «ባለጠርሙሱ» የሚለው ሰው፣ ሕዝቡን ከበሽታ ሊታደግ የክዳን ማንሻ ብረቱን ጨብጦ ዘምቷል።

ሥራው ለተላላፊ በሽታ ምርመራ የሚሆን ፍሳሽ መቅዳት ነው። ትእዛዙም የማንም ገመና እንዳይታወቅ የሰፈሩ ሁሉ ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት ከትልቁ ጉድጓድ ቅዳ ይላል። የትልቁ ክዳን ግን ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ ጀግናችን ከእህቱ ግቢ ጀርባ፣ የእሷ ግቢ ፍሳሽ ብቻ የሚወርድበትን ጉድጓድ ቀላል ክዳን አንስቶ ቀዳ፤ የጉድጓዱንም ቁጥር ጠርሙሱ ላይ በታማኝነት ጻፈ። በሽታው ተገኘ። መሥሪያ ቤቱ በዚያው ግቢ በር ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ።

እህቱ የሰው ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት ናት። በሳምንቱ ገመዷ ላይ የራሷ ቀሚስ ብቻ ቀረ።

«ስም እኮ አልተጻፈም፣ እታለም» አላት።

«እዚህ ግቢ ያለነው እኔና ልጄ ብቻ! ከዚህ ወዲያ ስም ለምኔ? ሁለታችንም ትኩሳት እንኳ የለንም። ለወገብህ ብለህ ጉሮሮዬን ዘጋህ፣ ወንድሜ።»

አለቃው ዘንድ ሄዶ ጥፋቱን ተናዘዘ።

«ጌታዬ፣ ወረቀቱ ይነሳላት።»

«ውጤቱ ልክ ነው አይደል?» አሉ አለቃው ደስ እያላቸው። «እንዲያውም ጥሩ ዘዴ አመጣህ። ከነገ ጀምሮ ከየግቢው ቅዳ።»

አንባቢ ሆይ፣ ከንፈር መምጠጡን ተወው። ቤትህ የቆሸሸ አንሶላ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እስቲ ዛሬ ጠቅልለህ እንድታጥብልህ እሷ በር ድረስ ውሰድላት።