የባቡሩ ሻይ ሻጭ

ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ፣ አዲሱ አፓርታማዬ አጠገብ ካለው ካፌ ቁጭ ብያለሁ። አስተናጋጁ ያዘዝኩትን የህንድ ሻይ ካውንተሩ ላይ አስቀምጦ "ቻይ!" ብሎ ተጣራ። ደግሞ "ቻይ!" አለ። ሰማሁት፤ ግን አልተነሳሁም።

ልጅ ሆኜ አባቴ ህንድ አገር፣ ፑኔ ይማር ነበር። እሱ ጋ በሄድን በወሩ እናቴ ጥላው፣ እኔን ይዛ የዴልሂ ባቡር ተሳፈረች። ከዚያ በፊት ያለ እሱ የትም ሄዳ አታውቅም። የመስኮቱን ብረት ይዤ ስለቆየሁ እጄ ዝገት ዝገት ይሸታል። አንድ ሰውዬ ትልቅ ማንቆርቆሪያ አንጠልጥሎ "ቻይ! ቻይ!" እያለ መጣ። ሻይ ማለቱ እንደሆነ አላወቅሁም።

"እማዬ፣ ሰውየው አማርኛ ያውቃል እንዴ?"

"ምነው?"

"ቻይ እያለሽ ነው እኮ።"

እናቴ አልሳቀችም።

"እስካሁን ቻይ ያላለኝ ይሄ ሰውዬ ብቻ ነበር" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

እኔም ባለፈው ሳምንት ኢገን ከተማ ካለው ቤታችን ባሌን ትቼ ወጣሁ። የሰማ ሁሉ "ብትችይው ምን ነበረበት?" አለኝ።

ሻዩ ካውንተሩ ላይ እንዳለ ለእናቴ ደውዬ ባሌን ትቼ መውጣቴን ነገርኳት።

"ሻይ ጠጥተሻል?" አለችኝ።