በደራ መንገድ ያሉት ሁለት እንሹዎች

ወንድሜ ብስክሌት ያስተማረኝ ከእናታችን ተደብቀን ነው። እናቴ «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ወጥታ! ጎረቤቱ ምን ይለኛል?» የምትል ሰው ነበረች። እሱ ከናዝሬት እስክንወጣ ብስክሌቱን እየገፋ ይሄድና፣ ቤቶቹ ሲያልቁ ለእኔ ለቆ ከኋላ ይቀመጣል። ዳገት ላይ ሲደክመኝ «በርቺ እንጂ፣ ፔዳል ሰው አይነክስ!» እያለ ይስቅብኛል።

በደራ መንገድ፣ የአዋሽ ድልድይ ሳይደረስ፣ ግራሩ ጥቅጥቅ ያለበት ቦታ አለ። እንሹዎቹን ያገኘናቸው እዚያ ነው። እንሹ ከፍየል ግልገል ብዙም የማትበልጥ፣ እግረ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ የዱር እንስሳ ናት። የምትኖረው ጥንድ ሆና ነው፤ ሴቷ ብቅ ካለች ወንዱ እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ አለ። ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ለወንድሜ «ሁለቱን ያየ ሰው ሚልኪው ጥሩ ነው፣ ያሰበው ይሰምርለታል» ብለውት ነበር። ስለዚህ አንዷን ካየን ብስክሌቱን አጋድመን ሁለተኛው እስኪወጣ እንቀመጣለን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ እነጫነጫለሁ፣ እሱ ንቅንቅ አይልም።

ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ከቀበሌያችን ከተወሰዱት አንዱ እሱ ሆነ። ሊሄድ ሲል ምስጢራችንን ለእናታችን ነገራት። «እሷ እየሄደች እንሹዎቹን ትይልሽ። ሁለቱ ካሉ እኔም አለሁ» አላት። ሊያስቃት ብሎ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ቃሉን እንደ ማተብ አሰረችው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ብስክሌቱን ራሷ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ደጅ ታቆምልኛለች። ጎረቤት የፈለገውን ይበል። ስመለስ «ሁለቱንም?» ትላለች፤ «ሁለቱንም» እላታለሁ። እውነቴንም ነበር፤ አመሻሽ ድረስም ቢሆን ጠብቄ ሳላያቸው ተመልሼ አላውቅም። ያን ቀን ምግብ ይበላላታል። እሱ ከዘመተበት ከሰሜን ወሬ ከጠፋ ከርሟል፣ እኛ ግን ሁለት እንሹ ይዘን ተስፋ እናደርጋለን። እኔም አምኜ ነበር። ምን ላድርግ፣ የሚታመን ሌላ ነገር አልነበረም።

አንድ ማለዳ የዕድር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃችን ላይ ቆሙ። እናቴ አንድ ቃል ሳይወጣቸው ወደቀች።

አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ በፎቶግራፉ ተለቀሰ። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ በመጣው እሑድ፣ ማንም ሳይልከኝ ብስክሌቱን ይዤ ወጣሁ። እንዳላያቸው ነበር የፈለግሁት። ቢያንስ አንዱ እንዲጎድል። ሴቷ ወጣች። ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ወንዱም ወጣና አጠገቧ ቅጠል መቀንጠስ ጀመረ። ድንጋይ አነሳሁ፤ መወርወር ግን አልቻልኩም። ድንጋዩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ስመለስ እናቴ ጥቁር ለብሳ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣለች። የጎማውን ድምፅ ስትሰማ የት እንደዋልኩ ገባት።

«ሁለቱንም?» አለችኝ።

«ሁለቱንም» አልኳት።

ፊቷን ብስክሌቱ ወደቆመበት ደጅ አዞረች።

«ይኑሩ» አለች በኋላ። «እነሱ ምን አጠፉ? ሁለት ሆነው ይኑሩ።»

በሚቀጥለው እሑድ ብስክሌቱ አልተወለወለም።