የኤድሪያን ዊትኮም ማክሰኞዎች

ኤድሪያን ዊትኮምን በደንብ አውቀዋለሁ ብዬ መጻፍ አልችልም። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ አጥር እንጋራለን። ባለፈው ዓመት ከጁን እስከ ኖቬምበር ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ በመኪናዬ ከተማ እያደረስኩ መልሼዋለሁ። እንዲህም ሆኖ ስለ እሱ በእርግጠኝነት የማውቀው ጥቂት ነው። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። ቀጠሮ ላይ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይገኛል። ስለ ራሱ ሲጠየቅ ስለ ዝናቡ ይመልሳል። በእኛ መንደር ይህ ጥሩ አስተዳደግ ነው፤ እኔም እንደዚያው ስለሆንኩ አልታዘብኩትም።

ሃያ ሰባት ዓመት ለንደን ባለ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የካሳ ጥያቄ ሲመረምር ኖሯል። ቤቴ ተቃጠለ፣ ጣሪያዬን ነፋስ ወሰደው የሚል ሰው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይመጣል፤ ይገባዋል አይገባውም ብሎ የሚወስነው እሱ ነበር። አንድ ጊዜ በአጥሩ ላይ ስለዚሁ ሥራ ነግሮኛል። የሐቀኛ ሰው ወረቀት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል፣ እኔን የሚያስጠረጥረኝ ምንም ያልጎደለው ነው አለኝ። ይህን የተናገረበትን ቀን ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ።

በሜይ ወር ክፍሉ ታጠፈና ከአርባ ሰዎች ጋር ከሥራ ተቀነሰ። ለማንም አልተናገረም። ያወቅነው የድርጅቱ መኪና ከደጁ ስለጠፋ ነው። ጡረታ የወጣው ሥጋ ሻጫችን ሞሪስ ታፕ፣ የዊትኮም መኪና እጥበት ከገባች ወር ሞላት እያለ ሱቅ ውስጥ ሲቀልድ ነበር።

በጁን መጀመሪያ ኤድሪያን በሬን አንኳኳ። ትከሻውን የሚያሽለት ባለሙያ ከተማ ውስጥ እንዳለ፣ ሚስቱ ፊሊፓ ቀሪዋን መኪና ለሥራዋ እንደምትይዛት፣ ካልከበደኝ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ እንዳደርሰው ጠየቀኝ። የትኛው ትከሻህ ነው እንኳ አላልኩትም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አቆማለሁ፣ እሱ ማዕዘኑን ዞሮ ይሄዳል፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይመለሳል።

በሦስተኛው ማክሰኞ ማህደሩን መቀመጫው ላይ ረሳው። ይዤለት ሮጥኩ። ማዕዘኑን ስዞር የሥራ አጦች ቢሮ በር ውስጥ ሲገባ ጀርባውን አየሁት። ተመልሼ ማህደሩን ከነበረበት አስቀመጥኩ። ሲመጣ ማህደሩን አየ፣ ከዚያ ጫማዬን አየ፤ ዝናብ ስለነበር እርጥብ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ትከሻው አንስቶ አያውቅም።

የቀረውን የነገረችኝ ፊሊፓ ናት፣ ጽጌረዳዋን እየከረከመች። የሥራ አጥ አበሉን እንዲጠይቅ የገፋፋሁት እኔ ነኝ አለች። ወር ሙሉ እምቢ ብሏት ነበር። የስንብት ክፍያችን አልተነካም፣ ቤቱ ዕዳ የለበትም፣ ይህ ገንዘብ ያለ እሱ ለማያድር ሰው የተቀመጠ ነው ይላታል። እሷ ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ከደመወዝህ ሲቆረጥ የነበረው ለዚህ ቀን ነው ትለዋለች።

“ቤታችን ቢቃጠል ለኢንሹራንሱ አንደውልም ወይ?” አለችኝ መቀሷን ወደ እኔ እያመለከተች። “በዚሁ ሥራ የኖረ ሰው እኮ ነው። ሥራውን ማጣቱ ለእሱ ሲሆን ቃጠሎ አይደለም?”

እሷ ስትናገር እሷ ትክክል መሰለችኝ፤ የእሱን ቃል ስትነግረኝ ደግሞ እሱ። አንድ ሐሳብ ይዤ መቆየት አልችልበትም።

ሕጉን በኋላ አነበብኩት። አበሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከደመወዙ በቂ መዋጮ ለተቆረጠበት ሰው የሚሰጥ ነው፤ ባንክ ያለውን ማንም አይጠይቀውም። ሌላው ግን ያለህን ሁሉ አሳይ ተብሎ የሚሰጥ ነው። ኤድሪያን የሚወስደው የመጀመሪያውን ነበር። አልሰረቀም፣ አልዋሸም። ይህን አስቀድሜ መጻፍ ይገባኛል።

በጁላይ አንድ ማክሰኞ ከማዕዘኑ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ከኋላው የመንደራችን ሊኔት ባርከም ወጣችና አውቶቡስ ወደሚቆምበት ሄደች። መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ለማሰር ሁለት ጊዜ ሞከረ። ድልድዩን አለፍን።

“ሚስዝ ባርከም አጠገቤ ተቀምጣ ነበር” አለ። “ሰላም አለችኝ። በስሜ።”

ፍርሃቱ ገባኝ። መንደራችን ውስጥ አንድ አሮጌ የበጎ አድራጎት ገንዘብ አለ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት አንድ ባለርስት ለድሆች ማገዶ ብሎ የተናዘዘው ነው። ዛሬ ለማገዶ ሳይሆን ቤት ለሚያሞቅ ነጭ ጋዝ ይውላል። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ኤድሪያን ሰብሳቢ፣ ሞሪስ ታፕና ሚስዝ ሄይል አባላት። እኔ ድምፅ የለኝም፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። እንደ ጥንቱ ልማድ አመልካች ራሱ ይቀርባል፣ ሰብሳቢው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል። የሦስት ወር የባንክ ወረቀት ይቅረብ የሚለውን የጨመረው ኤድሪያን ነው።

ሊኔት በዚያ ጠረጴዛ ፊት ካቻምና ኖቬምበር ቀርባ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠዋት በትምህርት ቤት ማዕድ ቤት፣ ማታ ደግሞ በሐኪሙ ክሊኒክ ጽዳት ሠርታለች። ማዕድ ቤቱ ሲዘጋ እሷም ተቀነሰች። ሁለቱም ሥራዎቿ ትንንሽ ስለነበሩ መዋጮ አይቆረጥባቸውም፤ ስለዚህ በሕጉ ዓይን ምንም እንዳላዋጣ ሰው ናት። የምትወስደው ሁለተኛውን፣ ያለህን አሳይ የሚባለውን አበል ነው። አብራት የምትኖረው እናቷ አይሪን ሳንባዋ የታመመ ነው። ወረቀቷ ላይ ለእናቷ ቀብር ያስቀመጠችው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ፓውንድ ስለተገኘ ኮሚቴው ከለከላት። የከለከላት ኤድሪያን ነው፣ በትሕትና። በጃንዋሪ አይሪን ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች፤ ስትወጣ ሐኪሙ ክፍሏ አይቀዝቅዝ ብሎ አዘዘ። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዬን ደጃቸው አስቀመጥኩ። ሊኔት ወልውላ መለሰችልኝ፤ ቆጣሪውን ይበላዋል አለች። የእሳት ምድጃቸውን ደግሞ አከራያቸው ደፍኖታል።

ከዚያ የጁላይ ማክሰኞ በኋላ መንደሩ ውስጥ ምንም ወሬ አልተነሣም። ሊኔት ሱቅ ውስጥ ኤድሪያንን ስታገኘው እንደ ድሮዋ ሰላም ትለዋለች፣ ዳቦዋን ይዛ ትሄዳለች። ቢያሙት ይሻለው ነበር መሰለኝ። በኦገስት ዕቃ የሚገዛው ከሚቀጥለው መንደር ሆነ። በሴፕቴምበር ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ። ማታ ማታ መብራት ሳያበራ የፊት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ መንገዱን ያያል አለችኝ ፊሊፓ። ሴትዮዋ እኮ ምንም አላለችም ስትለው፣ “ለቀኑ እያስቀመጠችው ነው” ይላታል።

በኦክቶበር መጨረሻ የሊኔት ማመልከቻ በሬ ሥር ተገፍቶ አገኘሁት። ለኤድሪያን ወሰድኩለት። ቆሞ አነበበውና ጣቱ ስሟ ላይ ቀረ። ሊጠይቀኝ የፈለገ ነገር ነበር፤ ግን ውርጭ መቼ እንደሚጀምር ጠየቀኝ።

ውርጩ የጀመረው ኮሚቴው በተሰበሰበበት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ተቀመጥን፤ ጠረጴዛው ሥር ያለችው ማሞቂያ የተቃጠለ አቧራ ትሸታለች። ሊኔት ወረቀቶቿን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ ገባች።

“ነይ የኔ ልጅ፣ ሙቀቱ ወዳለበት ጠጋ በይ” አላት ሞሪስ። “እኛ ስብ አለን።”

ኤድሪያን ማንበብ ጀመረ። ስም፣ አድራሻ፣ ስንት ሰው ቤት ውስጥ እንዳለ። ድምፁ ቀና ነበር። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

“ከመንግሥት የሚከፈል ገንዘብ ወደ ቤትዎ ይገባል?”

“ይገባል፣ ሚስተር ዊትኮም። በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ሄጄ እቀርባለሁ።”

ሚስዝ ሄይል ወደ ፊት ዘንበል አለች። በክፋት አይመስለኝም፤ እንዲያው እግሯ ረግጦት የማያውቀው ቦታ ስለሆነ ይመስለኛል፣ እዚያ የሚቀመጠው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቀቻት።

ሊኔት ከረጢቷን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ኤድሪያንን አላየችውም።

“ሁሉም ዓይነት ሰው አለ፣ ሚስዝ ሄይል። ወንበሩ ለሁሉም አንድ ነው።”

 የኤድሪያን እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀለሙ ነጥብ ሠርቷል። ከዚያ ወደ አምስተኛው ጥያቄ አለፈ፣ ስላላት ቁጠባ። ያው የአምናው ነው አለች፣ ለእናቴ ቀብር።

“እናትሽ ባለፈው ጃንዋሪ እኮ ልትጠቀምበት ነበር” አለ ሞሪስ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም ለማሳቅ ያለው አልመሰለኝም።

ውጭ እንድትጠብቅ ተደረገ። ሞሪስ ጋዙን እንስጣትና ወደ ምሳችን እንሂድ አለ። ሚስዝ ሄይል አልተስማማችም። ደንብ ለአንዱ ከሠራ ለሁሉም ይሠራል አለች፤ ባንክ ያስቀመጠ ሰው ለችግረኛ በተቀመጠ ገንዘብ ላይ እጁን መዘርጋት ነውር ነው፣ የመንግሥትም ይሁን የመንደር። ከዚያ ወደ ኤድሪያን ዞራ፣ “ይህን ያስተማርከን አንተ ነህ” አለችው።

“እንግዲህ በአንተ ላይ ወደቀ፣ አለቃ” አለ ሞሪስ።

ኤድሪያን የባንክ ወረቀቶቹን መቁጠር ጀመረ። አንድ ጊዜ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። የሴፕቴምበሩ ሦስተኛ ገጽ የለም አለ። ወረቀቱ ስላልተሟላ ውሳኔው ለጃንዋሪ ስብሰባ ይተላለፍ። ሞሪስ አፉን ከፍቶ አየው። እኔ ጻፍኩት። ወረቀቱን መጀመሪያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ገጾቹን ቆጥሬ እንደነበር እስከ ዛሬ ማስታወስ አልቻልኩም።

ራሱ ወጥቶ ነገራት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማኋት።

“ጃንዋሪ” አለች ሊኔት። “እሺ። ለእናቴ እነግራታለሁ።”

እኔና ኤድሪያን በመኪናዬ ስንመለስ በሊኔት ቤት በኩል አለፍን። ከጎን ያለውን የጋዝ ማጠራቀሚያ በመዳፏ ከታች ወደ ላይ እየመታች ታዳምጥ ነበር፤ ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ ሁላችንም የምናደርገው ነው። እጇ የቆመው ገና መሬቱ አጠገብ ነበር፤ ከዚያ በላይ ባዶ ነው። ኤድሪያን ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ መናገር ጀመረ። በዚያ መኪና ውስጥ ያን ያህል ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

“እሺ ብል አፏን የገዛሁ ይመስላል” አለ። “እምቢ ብል የተበቀልኩ ይመስላል። ከጉዳዩ ልውጣ ብል ለምን ይሉኛል። ሌላ ምን አደርጋለሁ?”

እሷ ለማንም አልተናገረችም አልኩት።

“አውቃለሁ። ቢነገር ይሻለኝ ነበር።” እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። “ደግሞ አንድ ሳንቲም አልነካሁም፣ ዴሪክ። ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የገባው ሁሉ ለብቻው ተቀምጧል። ለፊሊፓ ብዬ ወሰድኩት እንጂ ለእኛ አልተጠቀምኩበትም።”

ደጁ ደረስን። ሞተሩን አላጠፋሁም። መስታወቱ ላይ የጠዋቱ ውርጭ ገና ጥጉን ይዞ ነበር፤ ሬዲዮው ሳምንቱን ሙሉ ከዜሮ በታች ይሆናል ብሎ ነበር። ሰው መጠየቅ አልወድም፣ አልችልበትምም። ግን ያቺ የሊኔት እጅ መሬቱ አጠገብ የቆመችው ከዓይኔ አልሄድ አለች።

“ታዲያ ያልነካኸው ገንዘብ ለማን ነው የተቀመጠው?” አልኩት።

ኤድሪያን ቀበቶውን ፈታ። ማህደሩን ከመቀመጫው አነሣ፣ ከሥሩ የቀረ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አየ።

“ስለ እሱ ባንነጋገር ደስ ይለኛል” አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።