እሳት የነፈግናት ጎረቤት

ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ገበያ ወጥቼ አርባ አራት ሻማ ስጠኝ ስለው ባለሱቁ ሳቀብኝ። «እናቴ፣ መብራት ለዓመት ይጠፋል ተባለ እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ ሐኑካ ነው» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። ድሮ ቢሆን ይህን ከማወጣ ምላሴን ብነክስ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ያን ጊዜ ግን ለሰው ሁሉ ክርስቲያን ነበርን። ቀድሞ ከኖርንበት ከተማ «ቡዳ» ተብለን ዕቃችንን ጭነን ስለወጣን፣ እናቴ ከሚሴ ስንገባ አፋችንን አስዘጋችን። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃውን ታጠፋለች፤ ሰንበት ነዋ! ከአጥር ማዶ ያለችው እትዬ ዘይነባ እሳት ልትጭር ስትመጣ «ጠፍቶብኛል እኮ» ትላታለች። ዓርብ በመጣ ቁጥር ጠፍቶብኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ!

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ እስራኤል የሄደው አጎቴ ደውሎ አይሁድ ስምንት ቀን ሻማ ስለሚያበሩበት በዓል፣ ስለ ሐኑካ ነገረን። «አባቶቻችን የማያውቁትን በዓል ከየት አመጣው?» ብላ እናቴ አጉረመረመች፤ ግን የወንድሟን ቃል አትጥልም። አባቴ ጣውላ ላይ ዘጠኝ ቆርኪ ቸነከረ፤ አንዱ ለመለኮሻው ሻማ፣ ስምንቱ ለስምንቱ ቀን። መስኮት ዘግተን በየምሽቱ አንድ እየጨመርን አበራን። እናቴ ብስኩት ትጠብሳለች፤ የማሽላ አጨዳ ስለነበር የገለባው ሽታ በበሩ ስንጥቅ ይገባል። ያን ብስኩት አሁንም ሳስበው ምራቄ ይመጣል።

አራተኛው ምሽት ላይ አጎቴ «ሰው እንዲያየው መስኮት ላይ ይቀመጣል» ያለው ትዝ አለኝ። እናቴ ጓዳ ስትገባ አምፖሉን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ አስቀመጥኩት። ልጅነት አይደል! ሲያምር!

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘይነባ ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ክንዷ ላይ ጠቅልላ ቆማለች።

«ኢንታላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «ቆጣሪያችሁ ተቃጠለ እንዴ? ያ ረቢ! ጎረቤት እያለ በሻማ ትቀመጣላችሁ? እንኪ፣ ከኔ ቤት ሳቡ።»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ሻማውን መስኮት ላይ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም።

«መብራቱ አለ። በዓላችን ነው» አለች።

«የምን በዓል?»

«ቤተ እስራኤል ነን፣ ዘይነባ። ዓርብ እሳት የማይኖረንም ለሰንበታችን ብለን ነው። ውጡ ካላችሁን እንወጣለን።»

በኔ ጦስ እንደገና ልንሰደድ ነው ብዬ ነበር። እትዬ ዘይነባ ግን ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ወላሂ፣ ጠልተሽኝ መስሎኝ!» አለች። «ክብሪት ቸግሮኝ ነው ዓርብ ዓርብ የምመጣው? ክብሪትማ ቤቴ ሞልቷል። ዛሬስ ትሰጠኝ ይሆን እያልኩ ልብሽን ስሞክር ነው እንጂ።»

እናቴ አጠገቧ ተቀመጠችና ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ። ብስኩቱ ድስት ላይ አረረ፤ ማን ያስታውሰው!

ከከሚሴ የትም አልሄድን። እናቴም እዚሁ አርፋለች፤ እትዬ ዘይነባም ከተከተለቻት ሰነበተች። እኛ ያባርሩናል ብለን ስንሰጋ፣ አጥር ማዶ አንዲት ሴት ተጠላሁ እያለች ስድስት ዓመት አዘነች። መፍራታችን አይፈረድበትም፣ ያየነውን አይተናል። የእሷ ሐዘን ግን እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።