ቦሰት ላይ የተበላው ጭኮ

ሰሞኑን ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ ስሄድ ቦሰት ተራራ ጥቁር ደመና ደፍቶ አየሁትና ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ሣቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ፣ "ምን ትዝ አለሽ?" አለችኝ።

"ቂሜን የተወጣሁበት ቀን" አልኳት።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ታደለ የሚባል፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ጎረምሳ ነበር። ባሏ የሞተባትን እናቴን "ከገበሬ ጤፍ በድብቅ ገዝታለች" ብሎ በስብሰባ ፊት አቁሞ ግለ ሂስ አስደረጋት። ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው ፊት ቆማ "አጥፍቻለሁ" አለች። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ለቅሶ ቤት እንኳ መሄድ ተወች። እኔ ደግሞ ቀን እጠብቅ ጀመር።

ቀኑ የመጣው ለአብዮት በዓል ቦሰት ጫፍ ላይ ባንዲራ እንድንተክል የታዘዝን ጊዜ ነው። ታደለ "የግል ስንቅ የለም!" ብሎ የሁላችንንም በአንድ ጆንያ ሰበሰበና ራሱ ተሸከመው። እናቴ የሠራችልኝ፣ ቅቤው ከሩቅ የሚሸት የገብስ ጭኮም እዚያው ገባ። ጠዋት ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። የግራሩ እሾህ ልብሳችንን እየያዘ፣ ጥማቱ ጉሮሯችንን እያደረቀው ወጣን። ጫፉ ጋ ስንቃረብ ነፋሱ ዞረ፤ ጉም ዋጠን፤ ወዲያው በረዶው ወረደብን። ከፊት ሆኖ ሲመራን የነበረው ታደለ የት እንደገባ ጠፋ። ባንዲራውን እዚያው ጥለን፣ በነጠላ ተያይዘን፣ እግሯ የዞረባትን ጓደኛችንን እየደገፍን በሚያዳልጠው ጥቁር ድንጋይ ላይ በቂጣችን እየተንሸራተትን ወረድን። ርሃቡስ ቢሆን!

ታደለን ከአንድ ቋጥኝ ሥር፣ ልብሱ እንኳ ሳይርስ አገኘነው። ጆንያው ጭኑ ላይ፣ የእናቴ ጭኮ አፉ ውስጥ።

"በረዶው እስኪያባራ ብዬ ነው" አለ እያላመጠ።

በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ፣ አዳራሹ ሞልቶ፣ እናቴም ከኋላ ተቀምጣ ሳለች እጄን አወጣሁ። "በጓድ ሊቀ መንበር ላይ ሂስ አለኝ!" ሂስ አልቀበልም ማለት አይቻልም፤ ደንቡን ያስተማረን እሱ ራሱ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርኩ። ታደለ ተነሣና መሬት መሬት እያየ "አጥፍቻለሁ" አለ።

"ጮክ በል ጓድ! ከኋላ ላሉት እናቶች አልተሰማም!"

ደገመው። ላቡ ሲወርድ እያየሁ አንጀቴ ራሰ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ፣ "ደስ አለሽ?" አለችኝ።

"አዎ፣ እማዬ።"

"እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔንም ደስ ብሎኛል" አለች።

ልጄ ይህን ሰምታ፣ "ታዲያ ንስሐ አልገባሽበትም?" ብላ ጠየቀችኝ። ስንት ጊዜ ሞከርኩ! ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ አልቅሼ ተናግሬአለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ነፍስ አባቴ ፊት ሣቄ ይቀድመኛል።