ለሃያ ሁለት ሰው የበቃ ጨርቅ

ከጊዮርጊስ ቁልቁል

ቅዳሜ ጠዋት ከጊዮርጊስ ተነስተን ወደ መርካቶ በእግራችን ወረድን። ታክሲ እንደ ልብ ነበር፤ ግን የተራራ ተጓዦች ነን እያልን ለመርካቶ ታክሲ ብንይዝ ማን ያምነናል? የጉዞው ዓላማ ለቡድናችን ቲሸርት የሚሆን ጨርቅ መምረጥ ነው። ለቡድኑ የተነገረው ይኸው ነው። የእኔ ዋና ጉዳይ ግን አብረውኝ የሚሄዱት ሰው ነበሩ።

ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ቡድኑን የመሠረቱት እሳቸው፣ ለዓመታት ከፊት ሆነው ዳገት ያስወጡን እሳቸው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። የረር ተራራን የወጣን ዕለት እኛ ጫፍ ደርሰን፣ አርፈን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ልንወርድ ስንነሳ ነው የደረሱት። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። እሳቸውም ሳይቀመጡ እንኳን ከእኛው ጋር ተመልሰው ወረዱ። በማግስቱ ቴሌግራም ላይ የቲሸርት ወሬ ሲነሳ "ለእኔ አታሰፉ፣ ቁም ሣጥኔ ሞልቷል" ብለው ጻፉ።

ቁም ሣጥናቸውን አይቼው አላውቅም፤ ነገሩ ግን የቁም ሣጥን እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሊተዉን ነው። እኔ ደግሞ ጋሽ ወርቁ የሌሉበትን ተራራ የመውጣት ፍላጎት የለኝም። ስለዚህ ትንሽ ተንኮል ሠራሁ። "መርካቶ ብቻዬን ብገባ ይጫወቱብኛል፤ እርስዎ እዚያው ጎን የአማኑኤል ሰፈር ልጅ ነዎት" አልኳቸው። የአማኑኤል ልጅ ከተባሉ እምቢ ማለት እንደማይሆንላቸው አውቃለሁ።

ቁልቁለቱን ቀስ ብለን ወረድነው። በየመሃሉ ቆም ይሉና "እዚህ ጋ ድሮ አንድ ዳቦ ቤት ነበር" ብለው ማስረዳት ይጀምራሉ። ታሪክ ሲያወሩ ጉልበታቸው እንደሚያርፍ ስላወቅሁ እኔም እየደጋገምኩ ታሪክ እጠይቃለሁ። ሁለታችንም ስለ ጉልበት አላነሳንም።

ፉል

ራጉኤል ጋ ስንደርስ ርቦን ነበር። ከአስፋልቱ ገባ ባለች ጠባብ ቤት ተቀምጠን ስፔሻል ፉል አዘዝን፤ በትኩስ ዳቦ፣ በተከተፈ ቃሪያ፣ ከላዩ እርጎ ጣል ተደርጎበት መቶ ሃምሳ ብር። በሰፈሬ ከዚህ በሚበልጥ ዋጋ ከዚህ ያነሰ ፉል እበላለሁ።

"ቀለሙ ምን ይሁን ተባለ?" አሉኝ ጋሽ ወርቁ ዳቦ እየቆረሱ።

"አረንጓዴ። በድምፅ ብልጫ።"

"ጫካ ውስጥ ለሚሄድ ሰው አረንጓዴ?"

"ተራራ ስለምንወድ ነው ጋሼ።"

"ውደዱት። ግን አንዳችሁ ብትጠፉ ከቅጠሉ ለይቶ የሚያገኛችሁ ማነው?"

ሳቅሁ። ሃያ ምናምን የተማረ ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ቀለም ሲከራከር ይህን ያነሳ አልነበረም። ድምፅ ተሰጥቶ አልቋልና አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

ዱባይ ተራና ሶማሌ ተራ

መጀመሪያ ዱባይ ተራ ገባን፤ ያለቀለት ቲሸርት ካገኘን ከልብስ ሰፊ ደጅ እንድናለን ብለን። ቲሸርቱ እንደ ጉድ ተከምሯል፤ ዋጋውም ደህና ነው። ግን አንዱን አንስቼ እጄን ከውስጥ ብከት የጥፍሬ ቀለም ሳይቀር በላዩ ታየ። ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አዙረው "ይሄን ካናቴራ ለብሳችሁ ዝናብ ካገኛችሁ እኔ አላውቃችሁም" አሉ። ወጣን።

መንገዱ እንደተለመደው ነው፤ ሰው፣ ጋሪ፣ ጭነት፣ "ዞር በሉ" የሚል ድምፅ። አንድ ተሸካሚ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ጥቅል በጀርባው ይዞ ሲያልፍ ጋሽ ወርቁ ክንዴን ይዘው ወደ ግድግዳ ሳቡኝ። ዳገት ላይ ድንጋይ ሲንከባለልም እንዲሁ ነበር የሚስቡን። ደስ አለኝ።

ሶማሌ ተራ አካባቢ ካለ ፎቅ ሥር የዘይነባን የጨርቅ ሱቅ አገኘን። ዘይነባ በአርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ እጇም አፏም የማያርፍ ነጋዴ ናት። ገና ጫማችን ደጃፉን ሳይረግጥ "ግቡ፣ መክፈቻዬ ናችሁ" አለች። የቀኑ የመጀመሪያ ገዢ ሳይገዛ ከወጣ ገበያው ይበላሻል ይባላልና መክፈቻ የሆነ ሰው በቀላሉ አይለቀቅም።

"ለተራራ ነው? ንጹሕ ጥጥ ላብሽን ይጠጣና ጀርባሽ ላይ ይተኛል። ንጹሕ ፖሊስተር ያፍንሻል። ቅልቅሉን ውሰጂ" አለችኝ የመጣንበትን ስነግራት።

"በሜትር ስንት ነው?" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ይሄ በኪሎ ነው ጋሼ፣ በሜትር አይሸጥም።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር በሜትር የለኩ ሰው ልብስ በኪሎ መሸጡን ሲሰሙ የሆኑትን ብታዩ። ዘይነባ ከዚያው ጨርቅ የተሰፋ ናሙና ነበራት። ከሸሚዜ በላይ ደረብኩትና "ላቤን ሳላፈስበት አልገዛም" ብዬ የፎቁን ደረጃ ተያያዝኩት። እስከ ላይ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሜ ወጣሁ። አንድ ሸክም ያዘለ ሰው መንገድ ለቀቀልኝና "እህቴ፣ ማነው ያባረረሽ?" አለኝ። ጨርቁ ግን ጨዋ ነው፤ አልተጣበቀብኝም፣ አልኮሰኮሰኝም።

ስመለስ ጋሽ ወርቁ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። ሲያዩኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። አምና ቢሆን ኖሮ ይህን ደረጃ ቀድመውኝ ነበር የሚወጡት።

ዘይነባም አይታለች። "አይዞዎት ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለቻቸው።

"እንቁላሉማ ወደፊት ነው የሚሄደው። እኔ ወደ ኋላ ነኝ" አሉ።

ጎመንና ሰላጣ

ኪሎውን ከስምንት መቶ ሃምሳ ጀምረን፣ ሁለቴ ወጥተን ሁለቴ ተጠርተን፣ ሰባት መቶ ሰማንያ ላይ ተስማማን።

"ስንት ቲሸርት ነው የሚወጣው?" አለች ዘይነባ።

"ሃያ ሦስት" አልኩ።

"ሃያ ሁለት ነው" አሉ ጋሽ ወርቁ።

"ሃያ ሦስት ነው ጋሼ።"

"ማሂ፣ እኔን ተዉኝ አልኩሽ እኮ።"

ዘይነባ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየችና ጥቅሉን ሚዛን ላይ አወጣችው። ቁጥሩን አየች፣ መጠናችንን ጠየቀች፣ በልቧ አሰላችና "ከዚህ ያለኝ ይሄው ነው፤ ለሃያ ሁለት ይበቃል። ለሃያ ሦስተኛው ይጎድላል" አለች። ሚዛኑም ለእሳቸው ፈረደ።

ሌላ ጥቅል አወረደች። አምፖሉ ሥር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። ደጃፍ ወስደን ፀሐይ ላይ ጎን ለጎን ስንዘረጋው ግን አንደኛው ጎመን፣ ሁለተኛው ሰላጣ ሆነ። "የተነከረበት ጊዜ ሲለያይ ቀለሙ አይገጥምም" አለች ዘይነባ፤ "አንድ ሰው ብቻ ይሄን ቢለብስ ተሳስቶ የመጣ ነው የሚመስለው።"

እኔ አልተቀበልኩም። ቁራጭ ጨርቁን ይዤ ተራውን አካለልኩት፤ ጋሽ ወርቁም ከኋላዬ። አንዱ ሱቅ ሲሰጠኝ ይደምቃል፣ ሌላው ሲሰጠኝ ይጠቁራል። የመጨረሻው ነጋዴ ራሱን ሲነቀንቅ እዚያው መንገድ ዳር እንባዬ መጣ።

"ለጨርቅ ታለቅሻለሽ?" አሉኝ።

"ለጨርቅ አይደለም። ሊተዉን ነው ጋሼ።"

ክንዴን ያዙና ወደ ዘይነባ ሱቅ መለሱኝ።

ብርቱካን

ዘይነባ አረንጓዴውን ስትጠቀልል ጋሽ ወርቁ የተከመረውን ቁራጭ ጨርቅ ማገላበጥ ጀመሩ። ከሥር አንድ ብርቱካን ቀለም ያለው ሳቡ፤ ከሩቅ የሚጮህ፣ ዓይን የሚወጋ። ያው ቅልቅል ጨርቅ ነው። ደጃፍ ወጡና ከፍ አድርገው ያዙት።

"ማሂ፣ መንገዱን ተሻግረሽ እዪኝ።"

ተሻገርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ጭነት መሃል የታየኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ተመልሼ ነገርኳቸው።

"በእኛ በቅየሳ ሥራ ስም ያለው በመለኪያው መነጽር የሚያየው ነው" አሉ። "ግን ማዶ ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዞ የሚቆም ሰው አለ። እሱ ካልታየ መንገድ አይቀየስም። እናንተ ስትሄዱ ከሁሉም ኋላ ማነው?"

"ማንም… የደከመው ሰው ነዋ።"

"የረር ላይ ከእኔ ኋላ ሰው አልነበረም። ብወድቅ የሚያየኝ አልነበረም።" ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እኔን ግን አንገት አስደፋኝ። "እኔ ከፊት ስመራም ይህን አላሰብኩትም። ኋላ መቆም ዕጣ አይደለም፣ ሥራ ነው። ሰው ይመደብለታል። የሚመራው ዞር ሲል ብርቱካኑን ካየ ሁሉም አለ ማለት ነው።"

"ማን ይመደብ ጋሼ?"

"የማይቸኩል ሰው።" ጨርቁን ትከሻቸው ላይ ለኩት። "ላርጅ ይበቃኛል።"

ዘይነባ ገንዘቡን ስትቀበል የብርቱካኑን ዋጋ አልደመረችውም። "ምርቃት ነው። ለመክፈቻዬ" አለች። ጋሽ ወርቁ መረቋት፤ እሷም ሁለት እጇን ዘርግታ አሜን አለች።

ወደ ቤት

ጨርቁን አማኑኤል አካባቢ ላለ ሰፊ ሰጥተን፣ ለሁለት ሳምንት ተቀጣጥረን በታክሲ ተመለስን። በዚህኛው ላይ ስለ ተጓዥነት ክብራችን አልተከራከርንም። ጋሽ ወርቁ መስኮቱን ተደግፈው አንቀላፉ፤ እኔም መውረጃቸው እስኪደርስ አልቀሰቀስኳቸውም።

ጨርቅ እንዴት እንደሚመረጥ ተምሬያለሁ፤ ፀሐይ ላይ ይዘርጉት፣ ለብሰው ደረጃ ይውጡበት። ከዚያ በላይ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። ሰው መውደድና ሰው መጠበቅ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። እኛ ጋሽ ወርቁን እንወዳቸዋለን፤ የረር ላይ ግን የጠበቃቸው አልነበረም።

ማታ የሁለቱን ጨርቆች ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። አረንጓዴውን ሁሉም ወደደው። ብርቱካኑን ሲያዩ ደግሞ "ይሄ ለማነው? የመንገድ ሥራ ልንጀምር ነው እንዴ?" ተባለ፤ ተሳቀ። እኔ ለመመለስ ጽፌ ሳልጨርስ ጋሽ ወርቁ ቀደሙኝ።

"የእኔ ነው" ብለው ጻፉ። "ከአሁን በኋላ ከእኔ ኋላ የሚቀር ሰው የለም።"